እንጨት የተሸከመ እጅ ስንት ኪሎ ይጨብጣል?

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ አልፎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው መንገድ ንጋት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ያስተላልፋል። ሽቅብ የሚወጡት ሯጮች ናቸው። ቱታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በብርዱ ትንፋሻቸው እየጨሰ፣ ወሬ ሳያበዙ ዳገቱን ይገፉታል። ኃይሌ ገብረሥላሴን ጨምሮ የአገሪቱ ታላላቅ ሯጮች የተሠሩት በዚህ አቀበት ነው። ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። የባሕር ዛፍ ጭራሮውና ቅጠሉ ጀርባቸው ላይ አግድም ተጋድሞ ግማሹን መንገድ ይይዛል። ከሥር ያለችው ሴት ወገቧ ስለታጠፈ ፊቷ በቅጡ አይታይም። የሚታዩት እግሮቿና ገመዱን ደረቷ ላይ ጨምድደው የያዙት ሁለት እጆቿ ናቸው። መኪና ጥሩምባ ሲነፋባት ቀና አትልም። ቀስ ብላ ወደ ዳር ትጠጋለች፤ ቅጠሉ አስፋልቱን እየጠረገ ያልፋል።

ከሁለቱ ጠንካራው ማነው ቢባል በእኛ አገር አስተሳሰብ መልሱ ብዙ አያከራክርም። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክማ፣ አብዛኛውን ጊዜ እህል ሳትቀምስ፣ ከጫካው እስከ ገበያው የምትወርድ ሴት ጉልበተኛ ናት። ሐኪሞች ግን ጉልበትን የሚመዝኑበት ሌላ ዘዴ አግኝተዋል። ሸክሙን ትተው መዳፉን ይለካሉ።

መሣሪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። በአንድ እጅ የሚያዝ የብረት እጀታ ነው፤ ላዩ ላይ ቀስት የሚዞርበት የኪሎ ግራም ቁጥር አለው። የሚለካው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ክርኑን አጥፎ ክንዱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፋል፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያደርጋል። ከዚያ «ይጭመቁ፣ ይጭመቁ፣ አሁንም ይጭመቁ» እየተባለ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨምቃል። በየእጁ ሦስት ጊዜ ይሞከርና ከስድስቱ ትልቁ ቁጥር ይመዘገባል። ደም አይቀዳም፣ ልብስ አይወልቅም፣ መብራትም አያስፈልግም። በብዙ የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች የሚታወቀው ጃማር የተባለው ዓይነት በ1954 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቤክቶል በተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም የተዋወቀ ነው። የተጎዳ እጅ ምን ያህል እንዳገገመ ለማወቅ ይጠቅም ነበር። ስለ ልብና ስለ ዕድሜ መናገር የጀመረው ቆይቶ ነው።

ከቀደሙት ትልልቅ ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከሃዋይ ደሴቶች ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የልብ በሽታን ለማጥናት ሆኖሉሉ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶች ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 68 ነበር። ከሌላው ምርመራ ጋር እጃቸው ምን ያህል እንደሚጨብጥ ተለካ። 25 ዓመት አለፈ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ያኔ ጤነኛ ከነበሩት መካከል ጭብጣቸው ደካማ የነበሩት ሲያረጁ ራሳቸውን ማልበስና ማጠብ እስኪያቅታቸው የመድከም ዕድላቸው ከጠንካሮቹ በእጥፍ በልጦ ተገኘ። ሰውየው በጎልማሳነቱ ምንም ሳያመው እጁ ስለ እርጅናው ተናግሮ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ማስረጃ ብዙ ነው፤ እዚህ ሁሉንም መዘርዘር ያሰለቻል። ዋናው በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ነው። በ17 አገሮች የሚኖሩ ከ35 እስከ 70 ዓመት የሆናቸው 139,691 ሰዎች እጃቸው ተለክቶ ለአራት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። የመጨበጥ ኃይል በ5 ኪሎ በቀነሰ ቁጥር በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድል በ17 በመቶ፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድል በ9 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ብዙዎችን ያስገረመው ግን ንጽጽሩ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚሞት በመጠቆም ረገድ የእጅ ጭብጥ ከደም ግፊት የላይኛው ቁጥር በልጦ ተገኘ። ግፊት ዛሬ በየጤና ጣቢያው ይለካል። እጅን የሚለካ ጤና ጣቢያ ግን ብዙ ተፈልጎም የሚገኝ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ወሬ ቶሎ ወደ ተሳሳተ መንገድ ይወስዳልና። አንድ ወጣት ይህን አንብቦ በየሱቁ የሚሸጠውን የእጅ መጭመቂያ ስፕሪንግ ይገዛና ታክሲ ውስጥ ሲያንጫጫው ይውላል። ዕድሜውን የሚያረዝም መስሎታል። አያረዝምም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ከማስመረር በቀር። እጅ የሚናገረው ስለ ቀሪው አካል ነው። ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ክንድ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ የሚታዘዙት ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ አልፎ በሚመጣ ነርቭ ነው፤ የሚመገቡት ልብ በሚገፋው ደም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ጭብጥ ይላላል። ስለዚህም ነው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለወራት ስፖርት ሠርተው እግራቸው በግልጽ ሲጠነክር የእጃቸው ቁጥር እምብዛም ፈቀቅ የማይለው። ቁጥሩ ምልክት ነው። ምልክቱን ፍቆ በሽታው ጠፋ ማለት አይቻልም።

ከዚያው የ17 አገሮች ጥናት ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ነገር አለ። ደካማ ጭብጥ ያላቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው በግልጽ የተለየ አልነበረም፤ በሳንባ ምች ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸውም እንዲሁ። ልዩነቱ የመጣው ከታመሙ በኋላ ነው። በልብ ሕመም ሆነ በሌላ በሽታ ከተያዙት መካከል ይበልጥ የሞቱት ደካሞቹ ናቸው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። የእጅ ጭብጥ የሚለካው በሽታ ሲመጣ ሰውየው ምን ይዞ እንደሚጠብቀው ነው።

የሚይዘው ደግሞ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ከመንቀሳቀሻነቱ ሌላ የአካል የፕሮቲን ጎተራ ነው። ሰው ሲታመም፣ ሲቆስል፣ ሲራብ አካሉ ቁስሉን ለመጠገንና ተሕዋስያንን የሚዋጉ ሕዋሳትን ለማምረት የሚያስፈልገውን ከዚያ ያወጣል። የተራበ ሰው መጀመሪያ ስቡ፣ ከዚያም ክንዱና ጭኑ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ጎተራው ሞልቶ ከነበረ ክፉውን ወር ያልፋል።

ይህን እንጦጦ ከማንም በፊት ያውቀዋል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ «ክፉ ቀን» በተባለው ረሀብ ውስጥ ነበረች። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ነበር። በሬ ከሌለ ማረስ የለም፤ ያለው አማራጭ በዶማ መቆፈር ብቻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ አንስተው በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የዘመኑን ጭካኔ ለመረዳት ነገሩን አንድ ላይ ማየት ነው፤ በበሬ ሥራ ፋንታ የሰው እጅ በተፈለገበት ሰዓት ያ እጅ በረሀብ እየሟሸሸ ነበር። ቆፍሮ ለመብላት አቅም ያስፈልጋል፤ አቅም ለማግኘት መብላት ያስፈልጋል። ብዙዎች በዚያ አዙሪት ውስጥ አለቁ።

ዛሬ ሴቶቹ የሚሸከሙት ባሕር ዛፍም ከዚያው ዘመን ብዙ አይርቅም። የተራራው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለግንባታ ተመንጥሮ ሲያልቅ፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከወደ አውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ተተከለ። ከተማዋ እንጨት አጥታ ከመሰደድ የዳነችው በእሱ ነው ይባላል። እንጨቱን ከተራራው ከተማ ድረስ የማውረዱ ሥራ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ በድሃ ሴቶች ጀርባ ላይ ወደቀ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም የሥራ ድርጅት ድጋፍ ስለ እነዚህ ሴቶች ጥናት ሲደረግ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ክብደት ጋር ሊወዳደር ምን ያህል እንደሚቀርብ ተመዝኖ ታይቷል። እጃቸውን የለካ ግን አልነበረም።

ቢለካስ? የምናውቀውን ይዘን እንገምት። ሥራ ያጠነክራል የሚለው እምነት እውነት የሚሆነው ሥራውን የሚከተል ምግብና ዕረፍት ሲኖር ነው። ጡንቻ የሚያድገው ከድካሙ በኋላ፣ ሲተኙና ሲበሉ ነው። ሯጩ ከእንጦጦ ሲወርድ ቁርስ ይጠብቀዋል፤ ከቁርስ በኋላ ይተኛል፤ ነገ ጠንክሮ ከሮጠ ከነገ ወዲያ ቀለል ይለዋል። እንጨት ተሸካሚዋ ቀለል የሚል ቀን የላትም። ሸክሟን ሸጣ የምትበላውን ትገዛለች፤ ማግስቱን ትመለሳለች። በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ 194,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በሥራቸው ከባድ ጉልበት የሚያወጡ ወንዶች ብዙም ጉልበት ከማይጠይቅ ሥራ ላይ ካሉት ይልቅ ቀድሞ የመሞት ዕድላቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስፖርት ግን ዕድሜ እንደሚጨምር ከታወቀ ቆይቷል። በሴቶች ላይ ያው ነገር አልታየም፤ ጥናቶቹም በአብዛኛው የሀብታም አገር ጥናቶች ናቸው። እንደዚያም ሆኖ በአንድ መንገድ ላይ የሚተላለፉት ሁለቱ ላቦች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ለመረዳት ይረዳል።

ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ፀበሉ አለ። የእንጦጦ ማርያም ፀበል ዝናው ከአገር አልፎ የሄደው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ኤችአይቪ በደማቸው የተገኘባቸው ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ በአካባቢው ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። ጎህ ሳይቀድ፣ ያ የእንጦጦ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዘመድ ጀርባ ታዝሎ የሚመጣም ነበር። የዚያን ዘመን ታማሚ ገጽታ የዕድሜ ባለጠጋ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ክንዱ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር የቀረው የለም፤ ጣሳ ውኃ አንስቶ መጠጣት ያቅተዋል። ጎተራው ተሟጦ ነበር።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ፀበሉን ወይስ መድኃኒቱን የሚለው ነበር፤ በዚህ ጥያቄ መካከል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ይህ ንግግር ስንት ሰው እንዳዳነ የቆጠረ የለም፤ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ቫይረሱን ያቆመዋል፤ የተሟጠጠውን ጎተራ ግን ብቻውን ቶሎ አይሞላውም። በአገራችን የእጅ ጭብጥ መለኪያ ቁም ነገር የሠራበት አንዱ ቦታ እዚህ ጋ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጅማ ውስጥ መድኃኒት የሚጀምሩ 318 ታካሚዎችን ይዘው አንድ ሙከራ አደረጉ፤ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከፊሎቹ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 200 ግራም ቅባትና ፕሮቲን ያለው ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው፤ ቀሪዎቹ ምግቡን ያገኙት ዘግይተው ነው። ተመራማሪዎቹ ክብደት ብቻ መዝነው አላቆሙም። ክብደት ስብም ሊሆን ይችላል፤ ውኃም ሊሆን ይችላል። የጡንቻውን መጠንና የእጅን ጭብጥ ለኩ። ምግቡን ቀድመው ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ስብ ያልሆነ ሥጋ ጨመሩ። በአኩሪ አተር የተሠራውን የበሉት የመጨበጥ ኃይላቸው ከሌሎቹ በ0.93 ኪሎ በልጦ ጨመረ፤ ከወተት በሚወጣ ፕሮቲን የተሠራውን የበሉት ደግሞ በ0.68፣ ይህኛው ግን አስተማማኝ የሚባል ልዩነት አልነበረም።

አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ብዙም የሚያስደንቅ ቁጥር አይመስልም። ግን የመጣው በሦስት ወር ውስጥ ነው፣ ከሞት አፋፍ በተመለሰ ሰው እጅ ላይ። ደግሞም አኩሪ አተሩ ከወተቱ አለማነሱ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ፀበል ላይ ሱባኤ የገባ ሰው የወተት ተዋጽኦ አይቀምስም፤ አኩሪ አተር ግን ይበላል።

ጭብጥ ዕድሜን ተከትሎ እንዴት እንደሚሄድ የተሟላ ሥዕል ያለው ከእንግሊዝ ነው። ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች የተለኩባቸው 12 ጥናቶች ተደምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጡ የወንድ እጅ ከ29 እስከ 39 ዓመት ድረስ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ 51 ኪሎ ይጨብጣል፤ የሴት እጅ ከ26 እስከ 42 ዓመት ድረስ ወደ 31 ኪሎ። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ቁልቁለቱ መጀመሪያ አይታወቅም፤ ከስድሳ በኋላ ግን ይፈጥናል። ከዚህ ተነስተው የአውሮፓ ባለሙያዎች ለወንድ ከ27 ኪሎ፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች ከሆነ የጡንቻ መክሳት አለ ብለው እንዲጠረጥሩ ለሐኪሞች አመልክተዋል። እስያውያን የራሳቸውን ሲያወጡ ለወንድ 28፣ ለሴት 18 አሉ።

ማንም ሰው ከጫፍ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከየትኛው ከፍታ እንደሚነሳ ግን ይለያያል። ያ ከፍታ የሚወሰነው ደግሞ ከሚገመተው በላይ ቀድሞ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱ እንግሊዛውያን 53 ዓመት ሲሆናቸው ሲለኩ፣ ሲወለዱ ክብደታቸው የተሻለ የነበሩት በጉልምስናቸውም የተሻለ ይጨብጡ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። እነዚህ ልጆች ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው የሚደርሱበት ጫፍ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ለመውደቅ የቀረባቸው ርቀት ያነሰ ነው።

ታዲያ የአውሮፓውያኑን 27 እና 16 ኪሎ አምጥተን ሽሮ ሜዳ ላይ ብንለጥፍስ? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ቁመት፣ የእጅ ስፋት፣ የልጅነት ምግብ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጡታል። በታንዛኒያ ካራግዌ የስደተኛ ካምፕ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው የሩዋንዳ ስደተኞች በተለኩ ጊዜ ወንዶቹ በአማካይ 30 ኪሎ ግድም፣ ሴቶቹ 22 ኪሎ ግድም ጨብጠዋል። ወንዶቹ ከአውሮፓውያን በብዙ ያንሳሉ፤ ሴቶቹ ግን ያን ያህል አልራቁም። በወንድና በሴት መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ ልብ ይሏል፤ ዕድሜ ልካቸውን ውኃና እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። የእንጦጦዎቹም ቢለኩ በዚህ አቅጣጫ ሊገኙ ይችላሉ፤ ጠንካራ እጅ፣ ከሥሩ ግን የተራቆተ ጎተራ። ግምት ነው። ግምትን ወደ እውቀት የሚቀይረው መለካት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ እርጅና ባስጠናው ትልቅ ጥናት የሰዎች ጭብጥ የተለካው በቻይና፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በሩሲያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም።

መለኪያው የሚሳሳትበት ቦታ እንዳለም መርሳት አይገባም፤ ለዚህም ከጉለሌ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ቀጨኔ የሚሠሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጭቃውን ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ነው የሚያቦኩትና የሚያቆሙት። ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ የሚሸምኑት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩና ሲጎትቱ ይውላሉ። እንዲህ ያለ እጅ የአንጓ ነርቩ ቢጫን፣ መገጣጠሚያው ቢያብጥ ወይም ቢደነዝዝ ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ ስለ ልቡ ምንም አይናገርም፤ ስለ ሥራው ይናገራል። በሥጋ ደዌ ጣቶቹ የታጠፉበት ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለኪው መጀመሪያ እጁን አይቶ «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያለ ጥያቄ የተወሰደ ቁጥር ከመንገድ ያስወጣል።

መሣሪያ በሌለበት ቤት ምን ይደረግ? የአውሮፓዎቹ መመሪያ ለዚያም መልስ አለው። ክንድን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ነው፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ያጠራጥራል። የብራዚል ተመራማሪዎች ደግሞ ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን 2,002 ሰዎች መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንዲነሱ ጠየቋቸው። እጃቸውንና ጉልበታቸውን ሳይደገፉ የተነሱት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ይህን ያነበበ የእንጦጦ ማርያም ምእመን ስግደት ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በሕማማት ሳምንት ደጀ ሰላሙ ላይ የሚሰግዱትን ሽማግሌዎች ያየ ሰው፣ ማን ቀና ብሎ እንደሚነሳ፣ ማን መሬቱን ገፍቶ፣ ማን ደግሞ ዘንድሮ መቋሚያውን ተደግፎ አንገቱን ብቻ ማጎንበስ እንደጀመረ ያውቃል። ካህናቱም ያውቃሉ። ማንም ግን እንደ ጤና ምልክት አይቆጥረውም፤ «ደከሙ» ተብሎ ይታለፋል።

ድካሙ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ? በከፊል አዎ፤ ብዙ ሰው ከሚያስበውም በላይ። በ1990 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆኑ አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እያነሱ ጠንከር ያለ ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። አንዱ አቋረጡ። ዘጠኙ ሲጨርሱ የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሮ ነበር። ምርኩዛቸውን የጣሉም ነበሩበት። የዘጠና ዓመት ጡንቻ የሚሰማው ካገኘ ይሰማል። የሚሰማው ነገር ግን ሁለት ነው፤ ሥራና ምግብ። እዚህ ላይ እናቶቻችንና አባቶቻችን ላይ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ምግባቸው ሻይና ደረቅ እንጀራ፣ አለዚያም ሾርባ ብቻ ይሆናል፤ በጾም ወራት ደግሞ ይብስበታል። ጾሙ በራሱ አይከፋም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አኩሪ አተር እያለ ጡንቻ አይራብም። የሚከፋው ሽሮው ቀርቶ ዳቦና ሻይ ሲሆን ነው። ሕመም ያለባቸው ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ሸክሙን የሚያቀልላቸው ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አላት።

ከሁሉ በፊት መለኪያው መግባት ያለበት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ተኝቶ የሚታከም ሰው ክብደቱ ሳይቀንስ ጭብጡ ቀድሞ ይላላል፤ ሲያገግምም ቀድሞ ይመለሳል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ደካማ እጅ ያለው ታካሚ ከኋላ የሚመጣ ጣጣ ይበዛበታል። የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ክትትል ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጅማ መንገዱን አሳይታለች። ከዚያ በኋላ አረጋውያን ይመጣሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. 47 ዓመት ግድም የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የመኖር ተስፋ ዛሬ ከ65 አልፏል። እንዲህ በአንድ ትውልድ ውስጥ ብዙ ሽማግሌ ያፈራች አገር ሽማግሌዎቿ በምን አቅም እንደሚኖሩ ማወቅ አለባት።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለው እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች መንስኤ ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ባለሙያዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ቁመት፣ ክብደት፣ ወገብ፣ የደም ግፊትና ስኳር ለክተዋል፤ ከመቶው 16ቱ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ያወቅነው በዚያ ነው። በሚቀጥለው ዙር በየለኪው ቦርሳ ውስጥ አንድ ዳይናሞሜትር ይጨመር። የሠላሳ ዓመቷ እንጨት ተሸካሚ፣ የሃምሳ ዓመቱ ሸማኔ፣ የሰባ ዓመቱ መሪጌታ እጃቸው ይለካና የራሳችን ቁጥር ይኑረን። እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ አምና ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ያነሱ የነበሩ እናትዎ ዘንድሮ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ካቃታቸው እርጅና ነው ብለው አይለፉት፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።